ነጭ ጨርቅ የለበሰ ወንበር

አንገቱ ገና ያልጸና ሰው ዓይኑን ገልጦ፣ አፉን ገጥሞ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ፊት እንዲያይ የሚያዝ መሥሪያ ቤት ሕፃን አይቶ አያውቅም ማለት ነው። የቪዛ ቢሮው መስታወት ላይ የተለጠፈው ማሳሰቢያ ግን ይህንኑ ይላል። የፎቶው ጀርባ ነጭ ይሁን፣ ጥላ አይረፍበት፣ ጡጦም መጫወቻም አይታይ፣ የሌላ ሰው እጅ ወይም ማንኛውም የሰውነት ክፍል በፎቶው ውስጥ ፈጽሞ አይግባ። ሕፃኑ ደግሞ እጅ ካልደገፈው ወደ ጎን ይዘነበላል፣ ሲደግፉት ይተኛል፣ ሲቀሰቅሱት አፉን ከፍቶ ያለቅሳል። ከዚህ ውጪ ገና የተማረው ነገር የለም።

ወላጆቹ ለዚህ ሀገር እንግዶች ናቸው። አባትየው የወደብ ክሬን መካኒክ ነው። ኩባንያው ከሀገር ሀገር ያዞረዋል፤ አሁንም ሌላ ሀገር፣ ሌላ ወደብ ላይ አዲስ ክሬን ተተክሎ ቶሎ ድረስ ተብሏል። እናትየው ፋርማሲስት ነች። የተገናኙት እሷ ተረኛ በነበረችበት መድኃኒት ቤት ነው። ራሴን አመመኝ ብሎ መጣ፤ በማግስቱም ራሴን አመመኝ ብሎ መጣ፤ ደግሞ ሲመለስ ቀና ብላ አይታው፣ "አንተን የሚያምህ ራስህን አይደለም" አለችው። ከዚያ ወዲህ "ኪኒኔ" ይላታል። ሰው ፊትም ቢሆን፣ እሷ በክርኗ ብትጎሽመውም፣ ኪኒኔ ነች።

ልጁ ከተወለደ በኋላ ግን ይህ ስም ሳይታወቅ ተረሳ። ሐኪሙ "እናት፣ እንዴት አደርሽ" ይላታል፤ ነርሷ "እናት፣ ወዲህ ዙሪ" ትላታለች። ባሏም ስልክ ሲደወል "የልጄ እናት ተኝታለች" ማለት ጀመረ፤ ቤት ውስጥ ደግሞ "እማዬ፣ ዳይፐሩ የት ነው ያለው?" ይላታል። መጀመሪያ ደስ አላት። ውሸት ምን ያደርጋል፣ በጣም ነበር ደስ ያላት።

ፎቶውን ቤት ውስጥ ሞከሩት። አልጋ ላይ አንሶላ አንጥፈው በስልክ ቢያነሱት ጥላ አለው ተባለ። ሌላ ወሰዱ፤ ጣት ይታያል ተባለ። ሌላ ወሰዱ፤ ዓይኑ ተከድኗል ተባለ። የአባትየው መሄጃ ቀን ደግሞ እየቀረበ ነው። የልጁ ቪዛ ካልደረሰ እሱ ቀድሞ ሊሄድ፣ እናትና ልጅ ባዕድ ሀገር ብቻቸውን ሊቀሩ ነው፤ እሷን ከሁሉ ያስጨነቃት ይህ መለያየት ነበር። በመጨረሻ በቪዛ ቢሮው መስኮት ላይ ያለችው ሠራተኛ አዘነችላቸውና ከገበያ አዳራሹ መጨረሻ ላይ አንድ ፎቶ ቤት እንዳለ ነገረቻቸው። የእሱ የሕፃን ፎቶ ተመልሶ አያውቅም አለቻቸው።

ፎቶ ቤቱ ጠባብ ነው። ግድግዳው እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው በተነሷቸው ፎቶዎች ተሸፍኗል፤ መሐል ላይ ግን አንድ ያረጀ ፎቶ ውስጥ ሕፃን ብቻውን ነጭ ጨርቅ ላይ ተቀምጧል። ፎቶ አንሺው ሽበታም፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚፈልግ ሰው ነው። ከካሜራው ፊት ለፊት መደገፊያ ያለው ባዶ ወንበር አለ፤ በወንበሩ ክንድ ላይ የተተኮሰ ነጭ ጨርቅ ተጥሏል።

"አንቺ ወንበሩ ላይ ትቀመጫለሽ" አላት። "ከራስሽ እስከ እግርሽ ጨርቁን አለብስሻለሁ። ልጁን በላዩ አስቀምጥና አንቺ ከሥር ሆነሽ ትይዥዋለሽ። ለካሜራው አንቺ የለሽም፤ ወንበር ነሽ።"

"ዘጠኝ ወር ሙሉ ወንበር ሆና የለ እንዴ፤ ለምዳዋለች" አለ ባሏ፣ ሦስቱም ሳቁ።

ሽማግሌው ሳቁን ቶሎ ጨረሰ። ግን አንድ ነገር አለ አላቸው። ፎቶው እንዳለቀ ባልየው ልጁን ከማንሳቱ በፊት ሚስቱን ከጨርቁ ሥር ይጠራታል፤ ልጁ ሳይወለድ በፊት በሚጠራት ስም። እሷ ስትጠራ ጨርቁን ገልጣ ትወጣለች፣ ከዚያ እሷንና ልጁን አንድ ላይ አንድ ፎቶ ያነሳቸዋል። ያ ፎቶ ለየትኛውም ቢሮ አይሰጥም፤ ለቤት ነው፤ ሂሳብም የለውም። ባሏ ለምን እንደሆነ ቢጠይቀው አክስቴ እንዲህ ነበር የምትሠራው፣ ሥራውን የወረስኩት ከእሷ ነው ብሎ ጨርቁን አነሣ።

ተቀመጠች። ጨርቁ ሲወርድባት ዓለም ነጭ ሆነ። የካውያ ሽታ ሸተታት። ወንበሩ ሞቅ ያለ ነበር፤ አሁን ሰው የተነሣበት ይመስል። ከእኛ በፊት ባለጉዳይ ነበር ማለት ነው ብላ አሰበች፤ ሲገቡ ግን ቤቱ ውስጥ ማንም አልነበረም። የልጁ ክብደት ጭኗ ላይ አረፈ፣ ወገቡን በጨርቁ ውስጥ አገኘችው፣ ያዘችው። ከዚያ ሁለቱም ወንዶች በአንድ ጊዜ ጸጥ አሉ። ልጁ ከተወለደ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኖቹን ሙሉ በሙሉ ገልጦ፣ አፉን ገጥሞ ካሜራውን እያየ ነበር። ይህን በኋላ ባሏ ነው የነገራት። እሷ አላየችውም፤ ወንበር ነበረች።

ካሜራው ጠቅ አለ። ልጁ ማልቀስ ጀመረ። ፎቶው ታትሞ ከማሽኑ ሲወጣ ባሏ ሰዓቱን አየ፤ መስኮቱ ለምሳ ሊዘጋ ነው። ልጁን ከጨርቁ ላይ ብድግ አደረገና ፎቶውን ይዞ ወደ በሩ እየሮጠ፣ "እማዬ፣ ቶሎ በይ፣ ሊዘጋብን ነው" አለ። እሷም ጨርቁን ራሷ ገፍፋ ተነሣች። ጸጉሯ በጨርቁ ተመሰቃቅሎ ስለነበር እያስተካከለች ተከተለችው። ከኋላዋ ፎቶ አንሺው "ኧረ አልጠራሃትም" ሲል ሰማችው። ዞር ብላ ልትስቅለት ፈለገች። እሱ ግን እሷን አላየም። የሚያየው ባዶውን ወንበር ነበር።

ቢሮው የልጁን ፎቶ በደስታ ተቀበለ። ሠራተኛዋ "ፎቶ ማለት ይሄ ነው" አለች። አባትየው አሻራውን ሰጠ። የእናትየው ተራ ሲደርስ ማሽኑ ጣቶቿን አላነበበም። እጇን አበሰች፣ ደገመች፣ አሁንም የለም። አራስ እናቶች እጃቸውን ስለሚታጠቡ ያጋጥማል አለች ሠራተኛዋ፣ ነገሩን ቀለል አድርጋ። ፊቷን ሊያነሱ ሲሉ ደግሞ ስክሪኑ ላይ ፊት የሚፈልገው አረንጓዴ ሳጥን ወዲያ ወዲህ ተንከራተተና ከኋላዋ በተሰቀለው የግድግዳ ሰዓት ላይ አረፈ። ሠራተኛዋ ቀና ብላ ባልየውን ተመለከተችና እናትየው ሌላ ቀን ትምጣ አለችው። እናትየው አጠገቡ ቆማ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ቀስ ብሎ የሆነ ነው፤ ለዚህም ይሆናል ቶሎ ያልነቃችው። የሰፈራቸው መድኃኒት ቤት አውቶማቲክ በር አልከፈት አላት፤ ተበላሽቶ ነው ብላ ከኋላዋ የመጣ ሰው ሲገባ ተከትላ ገባች። አራሶችን ቤት ለቤት የምትጎበኘው ነርስ መጥታ ልጁን መዝና፣ እምብርቱን አይታ፣ ለአባትየው "እናቱ ስትመጣ ቫይታሚኑን እንዳትረሳ ንገራት" ብላ ሄደች። የነርሷን ቦርሳ ከወንበሩ ላይ አንሥታ ያቀበለቻት እናትየው ራሷ ነበረች። ነርሷ ግን ወንበሩ ላይ ያስቀመጥኩት መስሎኝ ነበር አለች ለራሷ።

እናትየው ስልኳን ከፈተች። ልጁን ታቅፋ የተነሣችባቸው ፎቶዎች ውስጥ ልጁ አለ። እሷ በነበረችበት ቦታ ነጭ ነገር አለ፤ እጥፋቱ ሳይቀር የሚታይ፣ የተተኮሰ ጨርቅ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ገልብጣ አስቀመጠችው። ፈራች። ባሏን ጠራችው፤ እሱ ሳህን እያጠበ ነበር፤ ውሃውን ዘጋና ትንሽ አዳመጠ፤ ከዚያ እንደገና ከፈተው።

ባሏ ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህ መታወቅ አለበት። አንድ ሳህን ብቻ ሲያቀርብ የሆነ ነገር ቅር ይለዋል፣ እጁ ወደ ሁለተኛው ሳህን ይዘረጋል፣ ግን ለምን እንደተዘረጋ ይጠፋበታል። አልጋው ላይ ከዳር ይተኛል፤ መሐሉን ለምን እንደሚተወው አያውቅም። ልጁ ጡጦ ሳይነካ ጠግቦ ሲያድር "ይሄ ልጅ ተባርኳል፣ ከአየር ነው የሚበላው" እያለ ይስቃል። አየሯ አጠገቡ ተቀምጣ ጡቷን ትሸፍናለች።

ይህን ሁሉ ትችለው ነበር። ያልቻለችው የልጁን ዓይን ነው። ልጁ ከዚያ ፎቶ ወዲህ ዓይኑን መግለጥ ተምሯል፤ አባቱን ያያል፣ መብራቱን ያያል፣ መጋረጃው ሲንቀሳቀስ ይከተለዋል። ሲጠባ ግን ዓይኑ በፊቷ ላይ አልፎ ጣሪያው ላይ ያርፋል። ፊቷን ዝቅ ብታደርግ፣ ብታስጠጋ፣ ብትዘፍንለት ያው ነው። ፊቷ ለእሱ ጣሪያ ሆኗል። አንድ ቀን እያጠባችው አለቀሰች፤ እንባዋ ጉንጩ ላይ ሲወድቅ ልጁ ደነገጠ፤ አባቱ መጥቶ ጉንጩን ጠረገለትና ጣሪያው ያንጠባጥብ እንደሆነ ቀና ብሎ አየ።

በመጨረሻ ባሏ ከእናቱ ጋር በስልክ ሲያወራ ሰማችው። ትኬት ቆርጫለሁ፣ ከልጁ ጋር ነገ ከሰዓት እንበራለን ይላቸዋል። ወዲያ ያሉት እናት እሷስ ብለው ጠየቁት። "ትደርስብናለች" አለ። እንደገና ጠየቁት። ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። "እሷ እኮ... ትደርስብናለች" አለና ወሬውን ወደ አየሩ ጠባይ አዞረው። ማታ ሻንጣ ሲያዘጋጅ የእሷን ልብስ አልጣለም፣ አልያዘም። እጁ በልብሶቿ ዙሪያ እየዞረ የራሱንና የልጁን ብቻ አወጣ።

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ተስፋ ይቆርጥ ነበር። እሷ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ሰው የተሳሳተ መድኃኒት እንዳይወስድ ስትጠብቅ የኖረች ሴት ነች፤ ስሕተት ሲያጋጥም ወደተሠራበት መመለስ እንጂ ማልቀስ እንደማያዋጣ ታውቃለች። ባሏ እሷን አያይም። ልጁን ግን ያያል። ልጁ የሄደበት ይሄዳል።

ጠዋት እሱ ሻንጣውን ሲቆልፍ ልጁን በጋሪው አስተኛችው፣ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተች፣ ጋሪውን እየገፋች ወጣች።

መንገድ ላይ ሰዎች ዞር እያሉ አዩ። አንዲት ሴት "ጋሪው ብቻውን እየሄደ ነው፣ ያዙት" አለች፤ አንድ ሰው ሊይዘው እጁን ዘረጋና ጋሪው በጎኑ ዞሮ ሲያልፈው እጁን ሰበሰበ። ከዚያ በኋላ ማንም አልተጠጋም። ባሏ ደረሰባቸው፤ አንድ እግሩ ጫማ፣ አንድ እግሩ ነጠላ ጫማ አድርጎ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ይሮጣል። ወደ ጋሪው ሲቃረብ እርምጃዋን ጨመረች፤ ሲርቅ ጠበቀችው። አይደለም፣ አልሳቀችም፤ ግን ስታገባው እንዲህ ይሮጥልኛል ብላ አስባ እንደማታውቅ ትዝ አላት። በገበያ አዳራሹ መሐል አልፈው ከፎቶ ቤቱ ገቡ። ፍሬኑን ያዘችው፣ ጋሪው ቆመ።

ፎቶ አንሺው ጋሪውን አየ፣ የሚያለከልከውን ባል አየ። መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ።

"የልጁ እናት የት ናት?" አለው።

"ትደርስብናለች።"

"ከየት?"

ባሏ ወደ በሩ ዞሮ አየ። ከየት እንደምትደርስባቸው እንደማያውቅ ያኔ ገና ገባው። ሽማግሌው በግድግዳው ላይ ብቻውን ጨርቅ ላይ የተቀመጠውን ሕፃን አሳየው። "ያ እኔ ነኝ" አለው። "አባቴም ቸኩሎ ነበር። ፎቶውን ያነሳችን አክስቴ ነች። ከዚያ ወዲህ ሳትጠራ አንዲትም እናት ከዚህ አላስወጣችም። እኔም አንተን ሮጬ መያዝ ነበረብኝ፤ እግሬ እምቢ አለኝ።"

እናትየው ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና ጨርቁን በራሷ ላይ ሳበችው። ባሏ ጨርቁ ብቻውን ሲነሣ፣ ሲወርድ፣ የጉልበት ቅርጽ ሲያወጣ አየ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

"ልጁን አስቀምጠው" አለ ፎቶ አንሺው።

"ባዶ ወንበር ላይ?"

"ከያዘችው አይወድቅም።"

ልጁን አስቀመጠው፤ እጆቹ ግን ቶሎ አለቀቁም። ከጨርቁ ሥር ሌሎች እጆች ወገቡን ሲይዙት ሲያይ ነው ቀስ ብሎ የለቀቀው።

ከጨርቁ ሥር ዓለም እንደገና ነጭ ነው። ወንበሩ ሙቅ ነው። አሁን ግን ሙቀቱ ከምን እንደሆነ ገባት፤ ከሥሯ የሰው ጉልበት አለ። የተቀመጠችው ሰው ጭን ላይ ነው። ሁለት ቀጫጭን ክንዶች ከኋላዋ መጥተው ወገቧን ያዟት፣ እሷ ልጇን በያዘችበት አያያዝ። ልትጮህ ፈለገች፤ ልጁ እንዳይደነግጥ ብላ ዋጠችው። ካልተጠራች እዚሁ፣ በዚህች ሴት ጭን ላይ እንደምትቀር፣ ወደፊት ደግሞ ሌላ ያልተጠራች እናት በእሷ ጭን ላይ እንደምትቀመጥ አወቀች።

"የልጄ እናት" አለ ባሏ።

ጨርቁ አልተነቃነቀም። የተጠራችው እሷ አልመሰላትም፤ ከሥሯ ያለችው ሴት ግን ትንፋሿን ያዝ አደረገች።

"እማዬ።"

አሁንም የለም። ቦርሳውን ሲበረብር ሰማችው። ፓስፖርቷን አውጥቶ ሙሉ ስሟን ከነአያቷ አነበበው። ሆስፒታል ኮሪደር ላይ የሌላ ሰው ተራ ሲጠራ እንደሚሰማ ሆኖ ተሰማት። ፎቶ አንሺው በቀስታ፣ "ማን ነው ቤት ውስጥ እንዲህ ብሎ የሚጠራት?" አለው።

"ሌላ ስም አላት" አለ ባሏ። "እኔ ነኝ ያወጣሁላት። ጠፋብኝ። እንዴት ይጠፋብኛል?" ወለሉ ላይ ዝርፍጥ ብሎ ሲቀመጥ ሰማችው። ልጁ መነጫነጭ ጀመረ፤ ወገቧን የያዟት ክንዶች ጠበቅ አሉ። ከዚያ ባሏ እንደ ሕፃን፣ "ራሴን አመመኝ" አለ።

እሷም ከልማዷ የተነሣ፣ ማንም እንደማይሰማት እያወቀች፣ "አንተን የሚያምህ ራስህን አይደለም" አለች።

ልጁ መነጫነጩን ተወ።

"ኪኒኔ" አለ ባሏ።

ክንዶቹ ላሉ። መላላት ብቻ አይደለም፣ ከኋላዋ ቀስ አድርገው ወደ ፊት ገፏት። ልጇን ይዛ ተነሣች፣ ጨርቁ ከራሷ ላይ ተንሸራቶ ወደቀ። መብራቱ ዓይኗን ወጋው። ልጁ አንገቱን እያንገዳገደ ፊቷን አየ። ቅንድቡን አኮማትሮ ለረጅም ጊዜ አያት፤ የት ነበርሽ የሚል ዓይነት አስተያየት ነበር። ባሏ ወለሉ ላይ ተቀምጦ እግሯን አቅፎ ያለቅሳል። ካሜራው ጠቅ አለ።

በማግስቱ ማሽኑ ጣቷን ምንም ሳይል ያነብበዋል፣ ጉዞውም ለጥቂት ቀን ይራዘማል፤ እሱ ቀላሉ ነገር ነው። ያን ጊዜ ግን፣ ባሏ ጋሪውን ይዞ ከፊት ሲወጣ፣ እሷ በሩ ላይ ቆም አለች።

"ወንበሩ ላይ ሰው አለ" አለችው ፎቶ አንሺውን።

"አውቃለሁ።"

"ለምን አይጠሯትም?"

"በምን ብዬ?" አለ። "አባቴ ‘እናትህ’ ነበር የሚላት። አክስቴ ‘የልጁ እናት’ ትላት ነበር። የእሷ ወገን የሚባል አላገኘሁም፤ የጠየቅኩት ሁሉ አያስታውሳትም።"

ክንዶቿ ይዘውኝ ነበር፣ ከዚያ ለቀቁኝ ልትለው ፈልጋ ተወችው። ልጇን ደረቷ ላይ አስጠግታ ወጣች። አዳራሹን ከማለፏ በፊት በመስታወቱ ዞር ብላ አየችው። ሽማግሌው ጨርቁን ከወለሉ አንሥቶ አራገፈ፣ ወንበሩ ላይ በጥንቃቄ አለበሰው፣ መብራቱን ከፊቱ ዘወር አደረገ። ከዚያ ተንበርክኮ ራሱን ጉልበት ሊኖርበት በሚችለው ቦታ አሳረፈና የሴት ስሞችን አንድ በአንድ መጥራት ጀመረ። ከእያንዳንዱ ስም በኋላ ትንሽ ይጠብቃል፤ ከዚያ ሌላ ይሞክራል።